በጓያ ማሳ ላይ ያደሩት አጫጆች

ቻላቸውን ስምንተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ትምህርት ቤቱ ከወገዳ ከተማ ወረድ ብሎ ያለ ነው። የባዮሎጂ መጽሐፍ ለአምስት ልጅ አንድ ስለሚደርስ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እኔ ራሴ በልጅነቴ ከተማርሁበት ሽፋኑ ከረገፈ አሮጌ መጽሐፍ ሰሌዳ ላይ እገለብጥላቸው ነበር፦ «ሥነ ሕይወት ሕይወት ስላላቸው ነገሮች የሚያጠና ትምህርት ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ይመገባል፣ ይተነፍሳል፣ ያድጋል፣ ይራባል፣ ይንቀሳቀሳል።» ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይደግሙታል። የዚያ መጽሐፍ ሽታ ዛሬም ይናፍቀኛል። ጥቅሙንም አስጽፌአቸዋለሁ፦ ጤናን ለመጠበቅ፣ ምርትን ለማሳደግ። ስለ ጓያ ግን መጽሐፉ አያነሣም፤ እኔም አላነሣሁም። ትምህርት ቤቱ በሦስት በኩል በጓያ ማሳ የተከበበ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. መስከረም ላይ በረዶ ጤፉንም ስንዴውንም መታው። ኋላ የተዘራው ጓያ ብቻ ለፍሬ በቃ። ያን ዓመት በእነ ቻላቸው ቤት ቂጣውም፣ ንፍሮውም፣ ቆሎውም ጓያ ሆነ። ሐምሌ ላይ ቻላቸው ከእርሻ ሲመለስ እግሩ እንደ እንጨት ደረቀበት። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ጉልበቶቹ እየተጋጩ በእግር ጣቶቹ ብቻ የሚራመድ ሰው ሆነ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ያጫት ልጅ ለሌላ ተዳረች። ቤታቸው ገደል አፋፍ ላይ ነውና በሁለት ምርኩዝ መውጣትም መውረድም አይሆንለትም። ደጃፍ ላይ ተቀመጠ፤ እዚያው ቀረ።

የመንደሩ ሰው ምክንያቱን ያውቃል፤ ወይም አውቃለሁ ይላል። ጤዛ ሳይደርቅ ጓያ ማሳ የገባ፣ በአገዳው ላይ የተኛ፣ የሚቀቀለው ጓያ እንፋሎት ያገኘው ሰው እግሩን ይያዛል። እናቱ ወይዘሮ ፋንቱ ጓያ ሲቀቅሉ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ልጆቻቸውን ከቤት ያስወጣሉ። ሲበስል ደግሞ «ኑ ብሉ» ይላሉ።

በ2016 ጥር ላይ አጫጆች ከላይ ጋይንት ወርደው መጡ። ቻላቸው ሌላ የሚያየው ነገር ስላልነበረው እነሱን ሲያይ ሰነበተ። ሌሊቱን ባጨዱት ጓያ ላይ ተኝተው ያድራሉ፤ ጠዋት ጤዛውን እያራገፉ ይነሣሉ።

«እማየ፣ እነዚያ ሰዎች የት አደሩ?» አለ አንድ ቀን።

«ከማሳው ላይ ነዋ! ደግሞ የት ሊያድሩ?»

«ጤዛው አልነካቸውም?»

«የደጋ ሰዎች ናቸው፤ አጥንታቸው ጠንካራ ነው።»

«ዋሴ እንግዲህ አራት ዓመት መጣ። ትናንት ሲጨፍር አላየሽውም? ምድር ሲያስጮህ!»

ዋሴ የአጫጆቹ አለቃ ነው። በደጃፉ ሲያልፍ ቻላቸው ጠራው። «ምንድን ነው የምትበሉት?»

«በሶ ነዋ፤ ከቤታችን ይዘን ነው የምንመጣው። የእናንተ ጓያ ሆድ ይነፋል፤ የተነፋ ሆድ ደግሞ ለአጨዳ አያጎነብስም!»

ያን ቀን ማታ ስልክ ደወለልኝ። «መምህር፣ በጤዛው አይደለም። በአፌ ነው የገባው።»

አንድ የእርሻ ባለሙያ ወዳጄን ጠይቄ መለስሁለት። መርዙ ፍሬው ውስጥ ነው። በፈላ ውኃ ተዘፍዝፎ ውኃው ተደጋግሞ ቢደፋ ብዙው ይወጣል፤ ገብስ ቢቀላቀልበት ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ባይበላ ይሻላል።

«የኔ እግርስ?»

«አይመለስም፣ ልጄ።»

«ዳኛቸው አለ» አለኝ።

ዳኛቸው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ የሃያ ዓመት ጎረምሳ፣ የቤቱ ብቸኛ አራሽ። ከሁሉም ብዙ የሚሠራ እሱ፣ ከሁሉም ብዙ የሚበላም እሱ። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ቶሎ ስለቆመ ጎታው ውስጥ የቀረው ጓያ ብቻ ነው።

ቻላቸው ነገሩን ሲያስረዳ ወይዘሮ ፋንቱ ተቆጡ። ውኃው የሚቀዳው ከገደሉ ሥር ነው፤ ደርሶ መልስ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። «በጀርባየ ያወጣሁትን ውኃ ድፊ ትለኛለህ? የጓያው ጉልበት ያለው ውኃው ላይ አይደለም እንዴ? ለልጆቼ ገለባውን ላብላ?»

«ተይው እማ፤ ወንድሜ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ዶክተር ሆኗል» አለ ዳኛቸው።

«ዶክተር ዘንድ የሚወስድ እግር ስላጣሁ ነው» አለ ቻላቸው። «ውኃው ካልተደፋ እኔ አልበላም።»

«አንተማ አንዴ ተይዘሃል!» አሉ እናቱ። ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ። ቃሉ ግን ወጥቷል።

ከጥር እስከ ግንቦት እንደዚሁ ሄደ። ቻላቸው ጎረቤት የሰጠውን እየቀመሰ ወንድሙ ሲጎርስ ያያል፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ ድስቱን ሊገለብጥ አይችልም፤ ውኃ ሊቀዳም አይወርድም።

ግንቦት ላይ ዳኛቸው እርሻውን አቋርጦ እያነከሰ ገባ። «ባቴን ጭብጥ አድርጎ ያዘኝ። ድንጋይ መትቶኝ ይሆናል» ብሎ ሳቀ። ማንም አልሳቀለትም።

ወይዘሮ ፋንቱ እሳት ላይ የነበረውን ድስት አነሡ። ፊታቸውን አልሸፈኑም። ወደ ውጭ ወጥተው ውኃውን መሬት ላይ ደፉት። ሌላ ውኃ ግን ቤት ውስጥ አልነበረም። ዳኛቸው ጀሪካኑን ሊያነሣ ሲል «ተቀመጥ! በዚያ እግርህ?» ብለው በቀትር ፀሐይ ራሳቸው ወረዱ። በገበያ ቀን ሁለቱን በጎች ወገዳ ነድተው በገብስ ለወጡ። በቤቱ ሌላ በግ አልነበረም።

ነሐሴ ላይ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ገብሱ አልቋል፤ ጓያው ግን ገና ሩብ ጎታ አለ። ባቱ ከግንቦት ወዲህ ያልያዘው ዳኛቸው በሬዎቹን ከመጥመዱ በፊት ደጃፉ ላይ ቆመ።

«በተረከዝህ እስከ አጥሩ» አለው ቻላቸው። «ጣትህ መሬት እንዳይነካ። የኔን እግር መጀመሪያ ያቃተው በተረከዝ መርገጥ ነው።»

«መምህር፣ ያዩልኛል? በየጠዋቱ እንደ ጎባጣ ዳክዬ ያስኬደኛል!» እያለ ሄደ።

«ቀኝህ ዘገየ።»

«ጭቃው ነው!»

«ጫማህን አውልቅና ድገም።»

ወይዘሮ ፋንቱ የሚደፋውን ውኃ እንደያዙ ቆሙ። ዳኛቸው መቀለዱን ትቶ ባዶ እግሩን ተራመደ። ግራው ተረከዙ ላይ ቆመ፤ ቀኙም ቆመ። እስከ አጥሩ ደርሶ ተመለሰ።

«ሂድ ጥመድ» አለ ቻላቸው። «ነገም ከመጥመድህ በፊት።»

«እስከ መቼ ነው?»

«ጤፉ እስኪደርስ።»

«መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር...» አለ ዳኛቸው ለራሱ። ሞፈሩን ተሸክሞ ወረደ።