አንዴ ብቻ የሚጠይቁት ኮች ሬይ

ልጅ እያለሁ፣ ቶሮንቶ የምንኖርበት የክሬሰንት ታውን ሕንፃ ሊፍት የሰው እራት ይሸት ነበር። አንዱ ፎቅ ላይ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሌላው ላይ ከሙንና ነጭ ሽንኩርት ተሳፍሮ አብሮኝ ይወጣል። አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ደርሼ በራችንን ስከፍት ግን ምንም አይሸትም። አባዬ ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን ይውልና የእራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የሚገባው፤ እናቴ ደግሞ የመምጫ ፕሮሰሷ አላልቅ ብሎ አዲስ አበባ ቀርታለች። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ ስሜን አስተካክሎ የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ እኔም ለማረም አልደፍርም።

ራግቢ የጀመርኩት በአጋጣሚ ነው። ጂም ውስጥ ጥጌን ይዤ ቆሜ ሳለ እንቁላል የመሰለች ኳስ ደረቴ ላይ መጣችብኝ፤ ያዝኳት። የወረወሯት አሠልጣኙ፣ ኮች ሬይ፣ ነበሩ። «ከክላስ በኋላ ሜዳ ላይ ነን» ብለውኝ ሄዱ።

ኮች ሬይ ከቶሮንቶ በስተሰሜን፣ ሐይቅ ዳር ካለ የኦጂብዌ መንደር የመጡ፣ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ወገን ነበሩ። በወጣትነታቸው ለካናዳ ብሔራዊ ቡድን ተጫውተዋል፤ ከወገናቸው እዚያ ቡድን ውስጥ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጉልበታቸው እምቢ እስኪላቸው ድረስ ብዙ አገር ዞረው፣ በመጨረሻ እኛን ልጃገረዶቹን ጭቃ ላይ የሚያንከባልሉ አሠልጣኝ ሆኑ። ስለዚያ ዘመን ብዙ አያወሩም። አንድ ቀን ብቻ፣ ጓደኞቻቸው አሸንፈው ሲጨፍሩ እሳቸው ሆቴል ክፍላቸው ገብተው ጫማቸውን ሲጠርጉ ይቆዩ እንደነበር ነገሩን። ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ስክረም የሚባል ነገር አለ፤ ስምንት ተጫዋቾች ተቃቅፈው፣ ተጎንብሰው ተጋጣሚን በትከሻ ይገፋሉ። እርጥብ ሣር፣ ላብና የጡንቻ ቅባት ይሸታል። ጆሮዬ ይላጣል፣ አንገቴ ይታመማል፣ ግን ትንፍሽ አልልም። ከእናቴ ከተለየሁ ወዲህ ሰው ያቀፈኝ እዚያ ብቻ ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ ለሁለት ቀን ኦታዋ ሄደን እንድንጫወት ተወሰነ። ቡድኑ በሙሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ መሬት ላይ አብሮ ያድራል። ኮች ሬይ ከልምምድ በኋላ ጠሩኝና «አንቺስ፣ መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ። ልቤ ዘለለ። ግን እኔ ያደግኩት በይሉኝታ ነው። የሰው ቤት ምግብ ሲቀርብልሽ መጀመሪያ «አይ፣ ግድ የለም፣ በልቻለሁ» ትያለሽ፤ «በሞቴ» ይሉሻል፤ ደግመው ሲለምኑሽ ነው እጅሽን የምትዘረጊው። ስለዚህ «አይ፣ ግድ የለም» አልኩ። ኮች ሬይ ትንሽ አዩኝ። «እሺ» አሉና ወረቀታቸው ላይ የሌላ ልጅ ስም ጻፉ።

ሳምንቱን ሙሉ እስኪደግሙልኝ ጠበቅኩ። አርብ ዕለት ሻንጣዬን ይዤ አውቶቡሱ ፊት ለፊት ቆምኩ። «ምነው?» የሚለኝ ከመጣ ላይብረሪ ልሄድ ነው ለማለት ተዘጋጅቻለሁ። ማንም ምንም አላለኝም። ኮች ሬይ በሩ ላይ ቆመው ወደ እኔ ሲያዩ ቆዩ፤ ሾፌሩ ሁለቴ ጡሩምባ ነፋ። ከዚያ ገቡ፣ አውቶቡሱም ሄደ። ቤት ገብቼ ሻንጣዬን ሳልፈታ አለቀስኩ።

አባዬ ሲመጣ ዓይኔን አይቶ አውጣጣኝ።

«ስንቴ ጠየቀሽ?»

«አንዴ።»

«አንዴ ብቻ? ኧረ ይሄ ምን ዓይነት ሰው ነው! ኮል ላድርግለት?»

«አባዬ፣ ፕሊስ፣ እንዳታደርግ።»

በንዴት ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ማካሮኒ ሠራልኝ።

ትምህርት የጨረስኩ ዓመት ድፍረት አገኘሁና ኮች ሬይን ለምን እንዳልደገሙልኝ ጠየቅኳቸው። «በእኛ ቤት ሰው አይ ካለ ቃሉ ነው» አሉኝ። «ደግሞ መጠየቅ አልሰማሁህም እንደማለት ነው። የመንግሥት ሰዎች ወገኖቼን የሚበጃችሁን እኛ እናውቃለን እያሉ ብዙ ገፍተዋቸዋል። እኔ ልጅ አልገፋም።» እኔም የእኛን ወግ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ያዙ። «ሻንጣሽን እኮ አይቼዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሾፌሩን አሥር ደቂቃ ያስቆምኩት ለዚያ ነበር።» ከዚያ ወዲህ ብስኩት እንኳ ሲሰጡኝ ሦስቴ እየጠየቁ ይስቁብኝ ነበር።

አሁን ዌስተን የሚባል የቶሮንቶ ሰፈር ብቻዬን ነው የምኖረው። ጓደኞቼ «ትመጫለሽ?» ብለው ቴክስት ያደርጋሉ፣ «ሌላ ጊዜ» እላለሁ፣ የአውራ ጣት ምልክት ይልኩልኛል፣ አለቀ። እኔም እንደዚያው ሆኛለሁ። ኮች ሬይ ጡረታ ወጥተው መንደራቸው ገብተው ነበር፤ እዚያም ልጃገረዶች ሰብስበው ያሠለጥኑ ነበር አሉ። ባለፈው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ መታመማቸውን ሰማሁና ደወልኩላቸው። «ልምጣ?» አልኳቸው። «አይ፣ ግድ የለም፣ መንገዱ ሩቅ ነው» አሉኝ። ቃላቸውን ላክብር ብዬ «እሺ» አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት አረፉ።

ለቀብር ስሄድ ሴት ልጃቸው አልጋቸው አጠገብ ያለ ወንበር አሳየችኝ። ማንም እንዳያነሳው ይሉ ነበር አለች፤ ለማን እንደሆነ ግን አልነገሯትም። በእኛ ወግ መልሰውልኝ ይሁን፣ ወይስ እውነት ደክሟቸው ሰው ማየት ሳይፈልጉ ቀርተው፣ አላውቅም። በልጅነቴ ጥሎኝ ለሄደው አውቶቡስ አልቅሼ ወጥቶልኛል፤ ይሄኛው ግን አልወጣልኝም። አራት ሰዓት መንዳት ብቻ ነበር። ሳልጠይቅ ሄጄ በሩን ባንኳኳ አያባርሩኝም ነበር።