ከድጃ ማር ያለችው ዘይት

ከድጃ የበደለችኝ በደርግ ጊዜ፣ ከደሴ ወደ ባቲ እንድንወርድ በታዘዝንበት ቀን ነው። ሁለታችንም የሰኞ ገበያ ሰፈር ልጆች፣ ሁለታችንም የጦሩ የጭነት መኪና ሾፌሮች ነበርን። እሷ እስክትመጣ ድረስ መሪዋን መኪና የምነዳው እኔ ነበርኩ። ሳቋ ያምራል ይሉ ነበር።

ማለዳው ብርድ ነበር። መቶ አለቃው የሞተር ዘይት እንድናይ አዘዘ። ከድጃ የመኪናዋን የዘይት መለኪያ መዝዛ ዘይቱን በሁለት ጣቶቿ ሳበችው። ተለጠጠ።

«ማር ነው ወላሂ!»

ጦሩ ሳቀ።

«ማር ያስመሰለው ብርዱ ነው» አልኩ። «ባቲ ሲደርስ ውሃ ይሆናል። አሮጌ ነው፣ ይቀየር።»

«አንቺ እቱ፣ ያቃጠለሽ ዘይቱ ነው ወይስ እኔ?» አለች።

መቶ አለቃው፣ «ቅናቱን ተይና መኪናሽ ላይ ውጪ» አለኝ።

ቀንቼ ነበር። ዘይቱም አሮጌ ነበር።

ረፋድ ላይ ኮምቦልቻን አለፍን። ቀትር ላይ ቆላ ገባን። ዘይት ሲሞቅ እንደሚቀጥን ማንም ሾፌር ያውቃል። በሚሽከረከር ብረት መሃል ሲጨመቅ ይብሱን ይቀጥናል። እዚያ ብዙ የተፈጨ ዘይት ደግሞ የቀድሞ ውፍረቱን አያገኝም። ይህን በብርድ የነካው ጣት አይለየውም።

አንድ ጉብታ ላይ ምሽግ ይዘው ለነበሩት ጓዶቻችን ውሃና ጥይት ይዘን ዳገቱን ጀመርን። ከፊቴ የከድጃ ሞተር አንኳኳ። ተጣብቆ ቆመ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ማንም ማለፍ አልቻለም። ከግራ ተኩስ ተከፈተብን። ወርደን ተኛን። ተኩሱን መለስን።

ሰይድ የሚባል ወታደር ከኋላዬ፣ «ዘሀራ! መኪናዋን ገፍተሽ ገደል ክተቻት!» አለ።

መኪናዬ ላይ ተመልሼ እየወጣሁ፣ «ገብተሽ ማርሹን አውጪና ዝለይ!» ብዬ ጮህኩባት። ገባች፣ ማርሹን አውጥታ ዘለለች። መኪናዋን በመኪናዬ ገፍቼ ገደል ከተትኩ። ውሃው ጉብታው ላይ ደረሰ።

ማታ መቶ አለቃው ጠየቃት። «ሞተሩን ጥይት መታው» አለች። ሞተሩ ገደል ውስጥ ነው፤ የሚያይ የለም።

«ዘይቱ ነው» አልኩ።

«ዛሬም ቅናት?» አለኝ። እሷን፣ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አላት።

በዚያ ተኩስ አራት ሰው ሞተብን። ሰይድ፣ ታደሰ፣ ስማቸውን ሳንለምድ የቀሩ ሁለት አዲስ ገቦች። ሰይድ ማር ሲባል ከሳቁት አንዱ ነበር። አልቀየምኩትም፤ ስለ ዘይት የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ከድጃ ዛሬም ሰኞ ገበያ አለች። ስታገኘኝ «አሰላሙ ዐለይኩም» ትለኛለች። ሰላምታውን መመለስ በሃይማኖታችን ግዴታዬ እንደሆነ አውቃለሁ።

እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም።