መንገዱን የሚሻገረው ወንበር

ጋሽ መርፌ ይህ ስም የወጣላቸው ልብስ ሰፊ ስለሆኑ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። ያወጡላቸው ሚስታቸው ናቸው፤ ገና ሙሽሮች ሳሉ፣ ቅጥነታቸውንና ነገር መውጋታቸውን አይተው። ሚስታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆነ፤ ስሙ ግን ለከተማው ቀረ።

ከተማ ስንል እንዳይጋነን። በሁለት ተራሮች መካከል የተዘረጋ አንድ ዋና መንገድ፣ በግራና በቀኙ ሱቆች፤ አለቀ። የማይጎድላት ነገር ፀሐይ ነው። ግን ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ጥላ ውስጥ ያገኘውን ሰው አይምርም። ስለዚህ ሥራውን ደጅ ይዞ መውጣት የሚችል ሁሉ ወንበሩን ይዞ ፀሐይ ይከተላል። ጠዋት በጋሽ መርፌ ልብስ ስፌት ሱቅ በኩል ይቀመጣል። ሰባት ሰዓት ሲል ሁሉም ብድግ ብሎ፣ ወንበሩን አንጠልጥሎ፣ መንገዱን ተሻግሮ ከፋርማሲው ፊት ይደረደራል። መኪና ይቆምላቸዋል። ጥሩምባ የሚነፋ ሹፌር ካለ እንግዳ ነው። ወንበር ሲመሽ እንኳ ወደ ቤት አይገባም፤ ማን ሊወስደው?

ጋሽ መርፌ በስፌት መኪና የሚሠራውን ሱቃቸው ውስጥ ይጨርሱና ቁልፍ መትከሉን፣ እጥፋት መስፋቱን ወንበራቸው ላይ ሆነው ይሠራሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ክር ከመርፌ ቀዳዳ ለማስገባት የእግዜር ብርሃን ይፈልጋሉ።

አንድ ልጅ አላቸው፤ ትልቅ ከተማ መሥሪያ ቤት ይሠራል። በዚህ ዓመት ሊጠይቃቸው ሲመጣ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ሰንበር አየ። ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤታቸው፣ ገላ መታጠቢያው ውስጥ አዳልጧቸው ነበር።

«አባዬ፣ ብቻህን ነህ» አላቸው። «አንድ ቀን ወድቀህ ብትቀር ማን ያያል?»

ልጃቸው እውነቱን ነው ብለው አመኑ፤ ፈሩም። እሱ ቤት መኖርን አንድ ወር ሊሞክሩት ተስማሙ። ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ግድግዳውን አፍርሶ ቤቱን ለማስፋት ሱቃቸውን ከፈለገ ቆይቷል። «ከለመድኩት ቁልፉን መጥቼ እሰጥሃለሁ» አሉትና ሄዱ።

የልጃቸው ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሰጧቸው ክፍል ንጹሕ ነው፤ አልጋው ምቹ ነው፤ መስኮቱ ግን የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ነው የሚያሳየው። በቀትር መብራት ይበራል። በሦስተኛው ቀን ከምግብ ጠረጴዛው አንድ ወንበር ይዘው አራት ፎቅ ወረዱና በሁለት ሕንፃዎች መካከል የምታልፍ ቀጭን ፀሐይ አግኝተው ተቀመጡ። ደስ አላቸው። ምሳ ሲደርስ ወንበሩን እዚያው ትተው ወጡ። በልተው ሲመለሱ ወንበር የለም።

«አባቴ፣ ጥለውት ነው የሄዱት?» አላቸው የሕንፃው ዘበኛ።

«ኧረ አልጣልኩትም፣ አስቀምጬው ነው እንጂ!»

ዘበኛው ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። ምራታቸው ደግ ሴት ናት፤ «ወንበር ነው አባባ፣ ምንም አይደል» አለች። እሁድ እንግዳ መጣና ስድስት የነበረው ወንበር አምስት ሆኖ፣ ምራታቸው ቆማ በላች። ቢቆጧቸው ይሻላቸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ አልወረዱም። ግን ልጃቸው ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ «አባዬ፣ አለህ?» ይላል። ያችን ጥያቄ ወደዷት። ለእሷ ብለው በሃያ ሰባተኛው ቀን «ለምጄዋለሁ» ብለው ዋሹ። ልጃቸው በደስታ አለቀሰ። እሳቸውም ቁልፉን ለማስረከብ አውቶቡስ ተሳፈሩ።

የደረሱት ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ከመንገዱ ጫፍ ወርደው ቆሙ። ወንበሮቹ በጠዋቱ በኩል ተደርድረዋል። በፀጉር አስተካካዩና በአናጢው መካከል፣ መቀመጫውን በሰማያዊ ቁርጥራጭ ጨርቅ የሸፈኑት የራሳቸው ወንበር ባዶውን አለ።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰው ሁሉ ተነሣ። ፀጉር አስተካካዩ በቀኝ እጁ የራሱን፣ በግራው ሰማያዊውን አንጠልጥሎ ተሻገረ። ከፋርማሲው ፊት፣ ከሁልጊዜው ቦታ አስቀመጠውና አቧራውን በትከሻው ፎጣ አራገፈ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ጋሽ መርፌ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ደረሱ።

«አንተ! ሱቁን የምትፈልግ አንተ፣ ወንበሬን የምትሸከም አንተ?»

«ጋሼ! መጡ?» አለ ደንግጦ። ከዚያ መነጫነጭ ጀመረ። «ምን ላድርግ? የሄዱ ሰሞን አልነካሁትም። ከቀትር በኋላ ወንበሩ ጥላ ውስጥ ቀርቶ ያየ ሁሉ እየሮጠ ይመጣብኛል። ‹ጋሽ መርፌ ታመሙ? ወደቁ እንዴ? በሩን እንስበረው?› ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል ስለው ነገ ሌላው ይመጣል። የፋርማሲዋ እመቤትማ ሁለቴ መስኮትዎን አንኳኩታለች። የሰው ፀጉር በግማሽ ትቼ ስንቴ ልውጣ? ማሻገር ጀመርኩ፤ ተገላገልኩ።»

ቁልፉ በጋሽ መርፌ እጅ ውስጥ ነበር፤ ሞቋል። ፀጉር አስተካካዩም አየው።

«እህ... ለመዱት ማለት ነው?»

«ለልጄ ዋሽቼ ነበር» አሉ። «ግድግዳውን አላስፈርስህም፤ ይቅር በለኝ።»

«መስታወት እኮ ገዝቻለሁ!»

«እኔ ሱቅ ስቀለው። ሱሪ የሚለካ ሰው ይይበት፤ ፀጉሩ ማደጉን አይቶ ወዳንተ ይመጣል።»

ፀጉር አስተካካዩ ሊቆጣ አሰበና ሳቁ ቀደመው። አላስከፋውም ማለት አይደለም፤ ከፍቶታል። ግን የጎረቤቱን ሻንጣ ይዞ ተሻገረና ከሱቃቸው በር ላይ አኖረላቸው።

ጋሽ መርፌ ሰማያዊው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ጉልበታቸው ላይ አረፈች። ስልካቸው ጮኸ።

«አባዬ፣ ጨረስክ? ቁልፉን አስረከብክ?»

«አልሰጠሁም ልጄ። ወድቀህ ብትቀር ማን ያያል ብለኸኝ አልነበር?»

«አዎ።»

«ወንበሬ ሳይሻገር ሲቀር ጎረቤቶቼ በሬን ሊሰብሩ ነበር። እኔ እኮ እዚህ እንኳ አልነበርኩም።»



«እኔስ አባዬ?» አለ ልጃቸው። «ከሥራ ስገባ ማንን ልጠይቅ?»

ይህን አላሰቡትም ነበር። ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ደውልልኛ፤ ጫማህን ሳታወልቅ። ቅዳሜ ደግሞ ና፣ ሚስትህን ይዘሃት ና። ስድስተኛዋን ወንበር ይዛ ትመለሳለች፤ አናጢው ይኸው አጠገቤ ነው፣ አሁን አዝዘዋለሁ።»