የሃምሳ ጠጠር ውሃ

ጀሪካን ከቦኖ ሥር ሲሞላ ድምፁ መጀመሪያ ወፍራም ነው። ውሃው ከፍ እያለ ሲሄድ ይቀጥናል፤ አንገቱ ጋ ሲደርስ ፉጨት ይሆናል። ትናንት ጠዋት ያንን ድምፅ እየሰማሁ ቆሜ ሳለ አንቺ ደብተርሽን ጉልበትሽ ላይ ዘርግተሽ፣ «እምዬ፣ ሒሳብና ሳይንስ እወዳለሁ፤ ግጥም ግን ምን ይሠራልኛል? ዝም ብሎ ወሬ ነው» አልሽኝ። እኔ ያን ጊዜ ጀሪካኑ እስኪሞላ በልቤ እየቆጠርኩ ነበር፤ የምቆጥረው ደግሞ በግጥም ነበር።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ብዙ አላውቅም። የማውቀውን ግን ማንም አይወስድብኝምና ተቀመጪና ስሚኝ።

ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት፣ በበልግ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ዘግይቼ ስለጀመርኩ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በዕድሜ እበልጥ ነበር፤ በቁመት ግን ከሁሉ አንስ ነበር። ቁመቴን የወረስኩት ከእናቴ ነው። አባቴ ከጦር ሜዳ ሳይመለስ ቀርቷል። የነበረን ነገር ከጓሳ ተራራ ሥር፣ የምንጩ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ዳር ያለች አንዲት የገብስ ማሳ ናት። የዚያን ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀድሞ መጣና ገብሱ ጉልበት ላይ ሲደርስ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ሰውም ገብስም የሚያየው ምንጩን ብቻ ሆነ።

ውሃውን የሚያከፋፍሉት ሽማግሌ «የውሃ አባት» ይባላሉ። ቦይ የሚያስጠርጉት፣ ተራ የሚያስይዙት፣ ጠብ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው። ስድስት ቤት ነበርን። ለእያንዳንዱ ቤት በሳምንት አንድ ጠዋትና አንድ ቀትር ይደርሰዋል፤ እሑድ ውሃው የከብት ነው። የጠዋቱ ተራ የሚጀምረው ፀሐይ የምንጩን ዓለት ስትነካ ነው። የሚያበቃው የተረኛው ሰው ጥላ ሰባት ጫማ ሲሆን ነው። አንድ ጫማ ማለት አንድ የእግር ርዝመት ነው፤ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆምና የጥላው ራስ ያረፈበትን ምልክት አድርጎ፣ ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ እየረገጠ ይቆጥራል። ጠዋት ጥላ እያጠረ ነው የሚሄደው፤ ሰባት ሲገባ «በቃ» ይባላል፣ ውሃውም ለቀትር ተረኛው ይዞራል።

ድሮ ሁሉም በገዛ እግሩ ነበር የሚለካው። በኋላ አንዳንዱ ተረከዙን ጣቱ ላይ እየደረበ፣ ሰባቱን ጫማ ዘጠኝ እያደረገ፣ ተራውን እያስረዘመ አስቸገረ። በዚሁ ሰበብ ሁለት ወንድማማቾች በአካፋ ተፈነካከቱ። የውሃ አባቱ ተቆጡ። የእግራቸውን ርዝመት ምርኩዛቸው ላይ በቢላ ቀረጹና፣ «ከእንግዲህ ለሁሉም አንድ እግር ነው፤ የኔ እግር!» አሉ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። ከዚህ የበለጠ ፍትሕ ከየት ይመጣል? እኔም ራሴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግን የማሳችን የታችኛው ጫፍ ውሃ አልደርስ አለው። ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች ቢጫ ሆነ። እናቴ ጭቃ ውስጥ ቆማ ትሮጣለች፤ ቦዩን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ውሃው ታች ሊደርስ ሲል «በቃ» ይባላል። ሰው «ውሃ መምራት አታውቅም» ይላት ጀመር። ከማሳችን በላይ ያለው ጎረቤታችን፣ በየቤቱ በር ላይ ጎንበስ ሳይል መግባት የማይችል ረጅም ሰው፣ መጥቶ ቢጫውን ገብስ በእግሩ ነካ ነካ አደረገና፣ «እህቴ፣ መሬቱን ለእኩል ስጪኝ። ሴት ብቻዋን ይከብዳታል» አላት። እናቴም፣ «ይኼ ገብስ ከሞተ እሰጥሃለሁ» አለችው። ይህ ማለት ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከምናመርተው ግማሹ የእሱ ነው ማለት ነው። ያን ቀን እንጀራዬ ሳልበላው ለሁለት የተቆረሰ መሰለኝ።

አሁን ወደ ግጥሙ ልምጣልሽ።

አስተማሪያችን ከከተማ የመጣ ወጣት ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ልጅ ነበር። አማርኛውንም፣ ሒሳቡንም፣ ሳይንሱንም የሚያስተምረን እሱ ብቻ ነው። «ግጥም የሚቆጠር ነገር ነው» ብሎ በጣታችን ያስቆጥረን ነበር። ስድስት ቀለም፣ ትንፋሽ፣ ስድስት ቀለም። አንድ ከበለጠ ስንኙ እንደሚያነክስ ሰው ይሆናል። እኔም ያንን ይዤ ለእንዝርቴ የሚሆን ግጥም ገጠምኩ፦

ከጓሳ ስትወርጂ ቀዝቃዛዋ ውሃ፣
እኩል ተዳረሺ ለጌታም ለድሃ።

ትምህርቱ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ከሴቶቹ ጋር ቦይ ዳር ፀሐይ እየሞቅሁ የበግ ፀጉር እፈትል ነበር። በመጀመሪያው ስንኝ ክሩን እስባለሁ፤ በሁለተኛው እጠመጥማለሁ። አሥር ጊዜ ስለው አንድ ጠጠር ጭኔ ላይ አኖራለሁ፤ ምን ያህል እንደፈተልኩ እንዳውቅ ነው። ሌላ ነገር አላሰብኩም።

በረጅሙ ጎረቤታችን ጠዋት፣ ፀሐይ ዓለቱን ከነካች ጀምሮ «በቃ» እስኪባል ሃምሳ ጠጠር ሆነ። በማግስቱ የእናቴ ተራ ነበር፤ አርባ አንድ ሆነ። ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሜ ቆጠርኩ። ሃምሳ፣ አርባ አንድ። ጠጠሮቹን ይዤ አስተማሪው ጋ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ ሰዓትዎን ያውሱኝ!»

እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። ሰዓቱ ከቆመ ወር አልፎታል፤ ባትሪ የሚገኘው ከተማ ነው። «ለጌጥ ነው የማስረው» ብሎ ሳቀ። ነገሩን ስነግረው ግን መሳቁን ተወ። «ሲደክምሽ ግጥሙን ብታፈጥኚውስ? ብታዘገዪውስ?» አለኝ። «መጀመሪያ ግጥምሽን ለኪው። እኩል መሄዱን ካላወቅሽ በሱ ሌላ ነገር አትለኪበትም። ቀጥሎ ደግሞ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ፈልጊ።»

ስለዚህ ግጥሜን ለካሁት። ሴቶች ከሚቀዱባት ቀጭን አሸንዳ ሥር እንስራ ደቅኜ እስኪሞላ አልኩት፤ ሃያ ሁለት ጊዜ። ደገምኩ፤ ሃያ ሁለት። ሲርበኝም፣ ስናደድም፣ ከትምህርት ቤት ደክሞኝ ስመለስም ሃያ ሁለት። በሚቀጥለው የእናቴ ተራ ደግሞ ልዩነቱን ፈለግሁ። የውሃ አባቱ ምርኩዛቸውን በእናቴ ጥላ ላይ አጋድመው ሲለኩ የእናቴን እግር አየሁት። ከተቀረጸው ምልክት ሦስት ጣት ያህል ያንስ ነበር። በክፍል ውስጥ ስለ ምጥጥን የተማርነው ሁሉ እዚያች እግር ላይ ታየኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቦዩ ዳር የውሃ ስብሰባ ነበር። እናቴ መንገዱን ሙሉ፣ «ተይ የኔ ልጅ፣ ውሃ ሰው ያቃቅራል» ትለኛለች። እኔ ጠጠሬን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ እሄዳለሁ።

«አባባ፣ እናቴ ከውሃዋ ዘጠኝ ጠጠር ይጎድላታል» አልኳቸው።

«ምን ይጎድላታል?»

ግጥሙን፣ እንዝርቱን፣ ጠጠሩን ነገርኳቸው። ሰው አውካካ። ረጅሙ ጎረቤታችን ሆዱን ይዞ፣ «እሰይ! ከእንግዲህ ውሃ የምንካፈለው በዘፈን ነው። ከበሮም ይምጣልን!» አለ።

«በእናቷ ቀን ታዘግማለች፣ በኛ ቀን ትጋልባለች፤ ምን ችግር አለው!» አለ ሌላው።

ይኼኛው ጥያቄ ትክክል ነበር። ስለዚህ አልተናደድኩም። «ይፈትኑኝ» አልኩ።

የውሃ አባቱ ከሳቁት ጋር አልሳቁም። አሸንዳዋ ሥር እንስራ አስደቀኑ፤ እኔን ጀርባዬን አዙረው አስቀመጡና የበግ ፀጉር ባና አከናነቡኝ። ባናው በግ በግ ይሸታል፤ ከውስጡ ድቅድቅ ያለ ነው። እኔ ግጥሙን ድምፄን ዝቅ አድርጌ እላለሁ፤ «ሞላ» ሲሉኝ ቁጥሩን እናገራለሁ።

«ሞላ!»

«ሃያ ሁለት።»

ደፍተው መልሰው ደቀኑት።

«ሞላ!»

«ሃያ ሁለት።»

ሳቁ ቀነሰ። ሦስተኛውን ጀመርኩ። ሃያ ሁለት አልኩ፤ «ሞላ» የሚለኝ ሰው የለም። ሃያ ሦስት። ሃያ አራት። ግጥሜ ከዳኝ ወይስ ውሃው ከዳኝ? «ሞላ!» ሲሉ ሃያ ሰባት ላይ ነበርኩ። ዝቅ አድርጌ ስለማዜም ሃያ ሁለት ነው ብላቸው ማንም አያውቅብኝም ነበር። እውነቴን ነው የምነግርሽ፣ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሃያ ሰባት» አልኩ።

ሳቁ እንደ ጎርፍ መጣ። «ሰዓታችን አበደ!» አለ ጎረቤታችን። «ጠላ አጠጥታችኋት ነው!» እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ባናውን ወርውሬ ተነሣሁ።

«ሃያ ሰባት ነው! የምናገረው የቆጠርኩትን ነው፣ የምትፈልጉትን አይደለም። እንስራችሁን እዩት!»

የውሃ አባቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉና እንስራውን አዩት። ከዚያ ወደ ጎረቤታችን ዞር አሉና፣ «እናንተ ልጅቱን ስታዩ እንስራውን ለውጬዋለሁ። የመጨረሻው ያንተ ሚስት እንስራ ነው፤ ከሌላው ይተልቃል» አሉ። «ልጅቱ ሳታየው አወቀችው።»

ጎረቤታችን ሄዶ የሚስቱን እንስራ አገላብጦ አየው።

«እሺ፣ የኔ ልጅ፤ ዘጠኙን ጠጠር ማን ሰረቀው?» አሉኝ።

«ማንም አልሰረቀውም፣ አባባ። ምርኩዝዎ ነው።»

እናቴንና ጎረቤታችንን ጎን ለጎን ፀሐይ ላይ አቆምኳቸው። በምርኩዙ ሲለካ የሱ ጥላ ስድስት ጫማ፣ የእናቴ አምስት ሆነ።

«ፀሐይ ስንት ናት፣ አባባ?»

«አንድ ናት እንጂ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ታዲያ በአንዲት ፀሐይ እንዴት ሁለት ዓይነት ሰዓት ይሆናል? አጭር ሰው ጥላው አጭር ነው፤ እግሩም አጭር ነው። የእናቴን ጥላ በርስዎ እግር ሲለኩት ቶሎ ሰባት ይገባል፤ ውሃዋም ቶሎ ይዞራል። አሁን በየራሳቸው እግር ያስለኳቸው።»

ጎረቤታችን ረገጠ፤ ስድስት። እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ተረከዟን ከጣቷ እያገናኘች ረገጠች። ሰው ሁሉ አብሯት ይቆጥር ነበር። ስድስት ሆነ፤ እንዲያውም ትንሽ ተረፈ። ጎረቤታችን አናቱን አከከና፣ «ለካ ቁመቴ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል!» አለ። ስለ መሬቱ ዳግመኛ አንሥቶ አያውቅም።

የውሃ አባቱ ቢላቸውን አወጡ። ቁጭ ብለው ከምርኩዙ ላይ ምልክቱን ፋቁት። ተሳስቻለሁ አላሉም፤ የሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው እንዲያ አይልም። «ከነገ ጀምሮ ሰው በገዛ እግሩ ይለካል፤ ተረከዝ የደረበን እኔ አየዋለሁ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ጉም ሆኖ ጥላ በሌለ ቀን የዚች ልጅ ግጥም ሕግ ነው። ሃምሳ ጠጠር» አሉ።

ሰማሽ? ሕግ ነው አሉ። እኔ የገጠምኩት፣ በጣቴ የቆጠርኩት። አስተማሪው በዓመቱ ተዛወረ፤ ሰባተኛ ክፍል በአካባቢያችን ስላልነበረ እኔም እዚያው ላይ ቀረሁ፣ ተዳርኩ፣ ወለድኩ። ቦዩ ዛሬ ሲሚንቶ ሆኗል፤ እናቴም አርፋለች። እኔ ግን ያቺን እሑድ ሳስብ ዛሬም አንገቴ ቀጥ ይላል።

እናቴ «ጎበዝ» አላለችኝም። የሰጠችኝ ሌላ ነገር ነው። ገብሱ እስከ ታችኛው ጫፍ አረንጓዴ ሆኖ ሊያሸት ሲል፣ አንድ ጠዋት ከጓሳ ጉም ወረደ፤ የገዛ እጅሽ አይታይሽም። የጠዋቱ ተራ የውሃ አባቱ የራሳቸው ነበር፤ የቀትሩ ተረኞች እኛ ነን። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘግቷል። እናቴ እንዝርቱን ከእጄ ወሰደችና፣ «እኔ እለዋለሁ፤ አንቺ ጠጠሩን ጣይ» አለችኝ። አባቴ ከቀረ ወዲህ እናቴ ስታዜም ሰምቼ አላውቅም ነበር። ድምፅዋ እርጥብ ጉም ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ቀስ ብሎ፣ እጅግ ቀስ ብሎ።

«እማ፣ እየሳብሽው ነው» አልኳት በተዘጋ ድምፄ።

«አውቃለሁ።»

«ማጭበርበር ነው እኮ! ከድርሻቸው በላይ እየሰጠሻቸው ነው።»

«ከማን ላይ ነው የምሰጣቸው?»

አሰብኩ። ከእኛው ላይ ነበር።

«ሽማግሌ ናቸው፤ በዚህ ጉም ቦዩን በዳበሳ ነው የሚያዞሩት» አለችኝ። «ያኔ ውሃችን ሲጎድል ቢሆን አልችልም ነበር። የኔ ያልሆነውን ከየት አምጥቼ እሰጣለሁ?»

ከታች አካፋቸው ድንጋይ ሲነካ፣ ሲያስሉም ይሰማል፤ እሳቸው ግን አይታዩም። ሃምሳኛዋን ጠጠር ጭኔ ላይ አኑሬ እናቴን ቀና ብዬ አየኋት። ጠጠሯን አይታታለች። ማዜሟን ግን አላቆመችም።

«በቃ ወይ?» ብለው ከጉሙ ውስጥ ተጣሩ።

«ገና ነው፣ አባባ» አለቻቸው እናቴ። «ገና ነው።»