ባለጆሮው እና የገዛ ቤቱ ማሽን

ሰፈሩ ባለጆሮው ይለዋል። ሥራው የልብስ ማጠቢያ ማሽን መጠገን ነው፤ ግን ገና ደጃፍ ሳይረግጥ ካቻቢቴውን ከሚመዙት ጠጋኞች ወገን አይደለም። ደንበኛ ሲደውልለት መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው።

«ምን ይላል?»

«ይጮሃል» ቢሉት አይበቃውም። «መጮሁንማ ሁሉም ይጮሃል። እስቲ እንደሱ አድርገው ይጩሁልኝ።»

ሰው መጀመሪያ ያፍራል። ግን የማሽኑ ነገር አንገፍግፎታልና ግራ ቀኙን አይቶ ይለቀዋል። ጎረቤቱ ጡረተኛ አስተማሪ በስልክ «ጓ! ጓ! ጓ!» ብሎ የተኙትን የልጅ ልጆቹን ሁሉ ቀስቅሷል። እንዲህ የሚል ማሽን ልብሱ አንድ ጎን ተከምሮበት ነው፤ ከፍቶ መበተን ነው። «ድው ድው» እያለ ወለሉ ላይ የሚሄድ እግሮቹ አልተስተካከሉም። የሚንቃጨል ከሆነ ሳንቲም ወይም የጡት መያዣ ሽቦ ውጧል። ሊጨምቅ ሲሽከረከር ቤቱን የሚያነቃንቅ ደግሞ ንዝረቱን የሚያበርዱለት ዘንጎች ደክመዋል። «ስዊይይ» ብሎ ጀምሮ ውሎ አድሮ «እርርር» የሚል ከሆነ ግን ሆዱ የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቋል፤ እሱ ከባድ ነው፤ ማሽኑ አንጀቱ ካልወጣ አይሠራም። ባለጆሮው ይህን ሁሉ ከሰው አፍ ሰምቶ፣ የሚያስፈልገውን ዕቃ ብቻ ይዞ ይመጣል። ስሙን ያወጣለትም ይኸው ነው።

በዚህ አሠራሩ የማትተባበረው አንዲት ሰው ሚስቱ ነበረች። ኩሩ ናት። «እኔ እንደ ማሽን አልጮህም። አፌ ለእህልና ለቁም ነገር ነው» ትላለች። እሱም አስገድዷት አያውቅም። የቤቱን ማሽን በገዛ ጆሮው እየሰማው ምን ቸግሮት ሰው ይጠይቃል?

የቤቱ ማሽን ልጃቸው ሳታገባ የተገዛ ነው። ክዳኑ ወይቧል፤ ሞተ ሲሉት ባለጆሮው ስንት ጊዜ አስነስቶታል። ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ጥግ ተወሽቆ ይኖራል።

አንድ ቅዳሜ ሚስቱ አንሶላዎች ከታበት ትንሽ ቆየችና መጥታ ትከሻውን ነካ አደረገችው። ሰሞኑን እንዲህ ለምዳለች፤ ከሩቅ መጣራቱን ትታ መጥታ ትነካዋለች። እሱ በእርጅና ፍቅር መጣ ብሎ በልቡ ደስ ብሎት ነበር።

«ማሽኑ እያፏጨ ነው» አለችው።

ሄዶ አጠገቡ ቆመ። ውሃው ይንቦጫረቃል፣ ሞተሩ ያጉረመርማል። ሌላ ነገር የለም።

«ምንም አላለም።»

«እንዴት ምንም አላለም? ጥርሴን እያሳከከኝ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ደግሞ መካኒክ ሆንሽ?»

ለሰላም ያህል ጎንበስ ብሎ እግሮቹን አስተካከለ። ማጣሪያውን ከፍቶ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ አወጣና፣ በሽታው ይኸው በሚል ዓይነት በመዳፉ ላይ አድርጎ አሳያት። ሚስቱ ቁልፏን ተቀብላ ኪሷ ከተተች። ስትፈልጋት ነበር የሰነበተችው።

«አሁንም ያፏጫል።»

ተቆጣ። የተቆጣው ግን በሷ አልነበረም። በዚያው ሰሞን የፀጉር ቤት ያላት ደንበኛው መንገድ ላይ አግኝታው፣ ፎጣ የምታጥብበት ማሽን ያፏጫል ብላ ፀጉር ቤቷ ይዛው ገብታ ነበር። ስልክ የለ፣ ጩሂልኝ የለ። ራሱ ቆሞ አዳመጠና «ምንም የለውም፤ ጆሮሽ ነው ስስ» ብሏት ወጣ።

ሁለት ሴቶች፣ ሁለት ማሽኖች፣ አንድ ዓይነት ፉጨት። ያልሰማው እሱ ብቻ።

ማሽኑን አጥፍቶ ከሶኬቱ ነቀለና አንሶላዎቹን አወጣ። ልብሱ የሚሽከረከርበትን ድራም በእጁ ቀስ ብሎ አዞረው። አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ጣቶቹን ሻከራቸው። ከሥሩ ይዞ ወደ ላይ ሲያነሳው ተወዛወዘ፤ ጤነኛ ድራም ደግሞ አይወዛወዝም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል። የባለጆሮው የባሰ ነው፤ ሲያርር እንኳ አልሸተተውም።

ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ።

«እስቲ እንደሱ አድርገሽ ጩሂልኝ» አላት።

አልጮህም ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ፊቱን አየችና ተወችው። ጎንበስ ብላ ከንፈሯን ጆሮው ሥር አደረገችና «ስዊይይይ…» አለች።

የሷ ድምፅ ወፍራም ነው፤ የማሽኑን ያህል አልቀጠነላትም። እሱ ግን ሰማው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ዓመታት ሙሉ ሲሰማ የኖረው ማሽን ሳይሆን ሰው ነው። ደንበኛው ቀጭኑን ጩኸት በወፍራም አፉ አውርዶ ሲያቀብለው፣ የገዛ ጆሮው መቼ ሥራ እንዳቆመ እንኳ ሳያውቅ ቀርቷል።

«ኩሽኔታው ነው» አለ። ቀጥሎም፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የማልሰማው?»

«የበሩን ደወል መስማት ከተውክ ቆየህ እኮ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ደግሞ ስምህ ነው። በምን አፌ ልንገርህ?»

ፈራ። ሌላ ሙያ የለውም፤ ከዚህ ስም ሌላም የሚጠራበት የለም። ባለጆሮው አይሰማም ተብሎ ከተወራ ማን በሩን ይከፍትለታል? እንደ ልጅ ማልቀስ አማረው።

እጁ ግን ሥራውን አልረሳም። በማግስቱ ማሽኑን ከጥጉ ጎትቶ አወጣው፤ ከጀርባው ቺንጊያውን አወለቀ፣ ድራሙን አውጥቶ ፈታታው። ውሃ የሚከለክለው ጎማ ተሰንጥቆ ኩሽኔታው ውሃ ሲጠጣ ከርሟል፤ ኳሶቹ ዝገው ተልጠዋል። ሁለቱንም በአዲስ ተካ፣ ገጠመው፣ አንሶላዎቹን መልሶ ከተተና እንዲጨምቅ አደረገው።

«አሁንስ ምን ይላል?»

ሚስቱ ጎንበስ ብላ አዳመጠች። «ምንም አይሰማኝም።»

«በቃ፣ እኩል ሆንን» አላት።

ልትስቅ ጀምራ እንባዋ ቀደማት። በክንዷ ጠረገችው።

ከዚያ ስልኩን አነሳ። የፀጉር ቤቷን ባለቤት አገኛት።

«ያ ማሽንሽ ያፏጫል፤ ልክ ነሽ። እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ጆሮዬ… ቀጭን ድምፅ አይሰማም ጆሮዬ።»

«ግድ የለም፣ ሌላ ሰው እጠራለሁ» ትለኛለች ብሎ ጠበቀ።

«እሱንማ አውቃለሁ ጋሼ» አለችው፤ ድምጿ ሚስቱ ጋ ድረስ ይሰማል። «ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስንደውልልዎ እንደዚያ የምንጮኸው ታዲያ ለምን መሰልዎት? የዚያን ቀን ሰዎች ፊት አፍሬ ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ነገ ይምጡልኝ፣ እጮህልዎታለሁ።»

«አትጩሂ፤ ሰው ይዤ እመጣለሁ» አላት።

ስልኩን አስቀምጦ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ነገ ጠዋት ሥራ አለን።»

«እኔ ሰው ፊት አልጮህም» አለች።

«ሰው ፊት ማን አለሽ? ጆሮዬ ሥር ነው።»

ሚስቱ አንሶላዎቹን ልታሰጣ ባልዲውን አነሳች። «ጆሮህ ሥር ከሆነ እሺ» አለች፣ እንዲሰማት ጠጋ ብላ።