ራዳር ይዤ ሽማግሌ የሄድኩ ዕለት

አባቴ ሥራዬን ለሰው ሲያስረዱ «አየር ላይ ነው የምትሠራው» ይላሉ። ሰሚውም ሆስተስ መስዬው «ከክፉ ይጠብቅሽ» ብሎ ይመርቀኛል፤ እሳቸው አያርሙም። እኔ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ሰሜን ከተተከሉ ራዳሮች የሚመጣውን ነው የማነበው። በሰሜን ዋልታ በኩል ሰማዩን አረንጓዴ የሚያደርገው ብርሃን ሲነሣ፣ አዮኖስፌር የሚባለው የላይኛው አየር ይታወካል፤ የሩቅ ጣቢያ አጭር ሞገድ እኛ ጋ የሚደርሰው ደግሞ በእሱ ላይ ነጥሮ ነው። ራዳሩ ከመሬት የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ተመልሶ ከሚመጣው ሁከቱ የት እንዳለ እናውቃለን። ቀን ለዓይን ባይታይም ራዳሩ አይስተውም።

አባቴ የሚኖሩት ከቢሮዬ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላው አሌክሳንድሪያ ነው። ከበላያቸው ባለው ፎቅ የወሎ አገራቸው ልጅ፣ የአርባ ዓመት ወዳጃቸው አሉ። ሁለቱ ከዙህር ሶላት በኋላ ተቀምጠው የአማርኛ ዜና በአጭር ሞገድ ይሰሙና ይከራከራሉ። ስልካቸው ውስጥ ሁሉም ዜና አለ፤ ሬዲዮ ካልተናገረው ግን አያምኑም።

አንድ ሰሞን ሬዲዮው ይንጫጫ ጀመር። አባቴ ጣቢያ ሲታፈን እያዩ ያረጁ ሰው ናቸውና መታፈኑን አልተጠራጠሩም፤ የቀረው ማን አፈነው የሚለው ነበር። ጎረቤታችን ጫጫታው በጀመረ ዋዜማ በክርክር ተናደው ወጥተው፣ በማግስቱ በረንዳቸው ላይ ሽቦ ዘርግተዋል።

«ጃም እያደረግኸኝ ነው!» አሏቸው አባቴ፣ ሰው ፊት።

ጎረቤታችን ወደ ቤታቸው ወጡ። ስምንት ወር ተኳረፉ። ሊፍት ውስጥ ሲገናኙ ሁለቱም ቁጥሮቹን ያያሉ።

ከዚያ ጎረቤታችን ቅዳሜ በርክ በሚባል ሌላ ከተማ፣ ልጃቸው ቤት ጠቅልለው ሊገቡ ነው ተባለ። አባቴ ምግብ አልበላ አላቸው። ግን እልኸኛ ናቸው፤ «ማስረጃ አለኝ» ብለው የታፈኑበትን ቀንና ሰዓት የመዘገቡበትን ደብተር ሰጡኝ። ቢሮ ወስጄ ከራዳሩ ጋር አስተያየሁት። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ሰሜኑ ሲታመስ ነበር፤ ከሁለት ቀን በስተቀር። የሁለቱን እንጃ፣ ባትሪ ይሆናል።

«ጥፋቱ የሰማዩ ነው፣ አባባ። ይቅርታ ይጠይቁ» አልኳቸው።

«ያለ ሽማግሌማ አይሆንም!» አሉ። ሽማግሌ ቢፈለግ፣ አዮኖስፌር የሚያስረዳ ጠፋ። በሠላሳ አራት ዓመቴ ላፕቶፕ ታቅፌ ሽማግሌ ሆንኩ።

ጎረቤታችን በካርቶን ተከበው ተቀምጠዋል። የራዳሩን ሥዕል በላፕቶፑ አሳየኋቸው፤ በጥሞና ሰሙኝ።

«ራዳሩ የማን ወገን ነው?» አሉ።

«የማንም አይደለም። ሽቦውስ ምን ነበር?»

«ልብስ ማስጫ።»

«እርስዎስ ጋ ሬዲዮው አልተንጫጫም?»

ወደ አንዱ ካርቶን ጠቆሙኝ። ሬዲዮው በፎጣ ተጠቅልሏል። «ወላሂ፣ ከተጣላን ወዲህ ከፍቼው አላውቅም። የምሟገተው ሰው ሳይኖር ዜና ምን ያደርግልኛል?»

ለአባቴ ይህንኑ ነገርኳቸው። ሽማግሌ እንባ አያሳይም ብዬ ፊቴን አዞርኩ። እሳቸው ሬዲዮአቸውን አንሥተው፣ ሊፍቱንም ሳይጠብቁ፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ደረጃውን ወጡ። ያን ቀን ሬዲዮው ከጫጫታ በቀር ምንም አላወራም። የሁለቱ ሙግት ግን ታች ድረስ ይሰማኝ ነበር።