ቀራ እና ቆራ

ስስ አሉሚኒየም ጠበቅ አድርገው ካልያዙት ይርገበገባል። አሁን ተረጋግቼ እጽፈዋለሁ እንጂ፣ ያን ሰሞን ሮቤ ውስጥ ከኔ የባሰ የተናደደ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ነገሩ የአከራዬ ጣት ነው። በዕድሜ እናቴን ይበልጣሉ፤ እማማ እላቸዋለሁ። በር ተዘግቶበት የመሃል ጣታቸው ጫፍ ተደፍቶ ቀረ። እንዲቃና ስስ ብረት ከሥሩ ተደግፎ ለሳምንታት መታሰር ነበረበት። ገበያ ላይ ያገኘነው ሁሉ ለቀጭን ጣታቸው ሰፊ ሆነ። ጎባ ያከመቻቸው ነርስ ደግሞ አስጠንቅቃናለች፦ በስኳር በሽታው ጣታቸው ደንዝዟል፣ ብረቱ ቢቧጭራቸው አይሰማቸውም፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንላቸውም።

እኔ ከማስተማር ስመለስ የምጫወትባት፣ ኮምፒውተር የሚያዛት ትንሽ ሲኤንሲ መቁረጫ ማሽን ክፍሌ ውስጥ አለችኝ። "እኔ እሠራልዎታለሁ" አልኩ። አፌን ማን ይያዝልኝ።

በመቀስ አይቆረጥም ወይ የሚል አይጠፋም። መቀስ ያጣምመዋል። የኔዋ ግን ባሰች፤ ጠርዙን እንደ መጋዝ ጥርስ አድርጋ ትሰጠኛለች። መቁረጫውን በአዲስ ቀየርኩ፣ ፍጥነቱን ቀነስኩ፣ ነጭ ጋዝ ቀባሁት፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ የተሻለውን በሞረድ አለስልሼ ለእማማ አሳየኋቸው። ጣታቸውን ስለማያምኑት ጉንጫቸው ላይ ለጠፍ አደረጉትና በኦሮምኛ "ቆራ" አሉ።

የኔ ኦሮምኛ ከገበያ አያልፍም። የሰማሁት "ቀራ" ነው፤ ስለት ማለት። ገና ስለት አለው ማለታቸው ነው ብዬ እንደገና ሞረድኩት። በማግስቱም ጉንጫቸው ላይ አድርገው ያንኑ ደገሙልኝ። ብረቱ በሞረድ ብዛት ከጣታቸው ጠቦ ነበር። "እንግዲያውስ ራስዎ ይሞርዱት" ብዬ በሬን ዘጋሁ።

ጠዋት ቂም ሳይዙ መጡ። ማሽኑ ላይ በሁለት ፊቱ በሚያጣብቅ ፕላስተር ያጣበቅኩትን፣ ገና ያልተቆረጠውን ላሜራ አንስተው ጉንጫቸው ላይ አደረጉና አሁንም "ቆራ" አሉ።

"እማማ፣ ሳልቆርጠው ስለት ከየት ያመጣል?"

"ስለት ማን አለህ? ብርድ ነው የምልህ፣ ብርድ። እንደ ሳነቴ ተራራ ድንጋይ ሆኗል። እዚህ ክፍል እንዴት ነው የምታድረው?"

መጀመሪያ አፈርኩ። ቀጥሎ ፕላስተሩን አየሁት፤ ላሜራውን ያለ ምንም ትግል ነበር ያነሱት። ለካ ያን ሁሉ ቀን በብርዱ ምክንያት ፕላስተሩ አልያዘም፤ ብረቱ ከሥር እየተነሳ ሲንቀጠቀጥ መቁረጫው ይቦጫጭረዋል። ይህን ሥራ በኢንተርኔት የሚያስተምሩት ሰዎች በሙቀት አገር በካናቴራ የሚሠሩ ናቸው፤ የባሌን ጠዋት በምን ያውቁታል?

የማሽኑን ጠረጴዛና ላሜራውን በካውያ አሞቅኩ። ፕላስተሩን አድርጌ በደንብ ተጫንኩት፣ ከዚያ ቆረጥኩ። ጠርዙ ለስልሶ ወጣ። ከንፈሬ ላይ ደጋግሜ አስኬድኩት፣ ምንም አልያዘኝም። ደስታዬን ልደብቀው አልቻልኩም።

እማማ ግን እስከ መጨረሻው አላመኑኝም። ማታ ማታ ፋሻው ሲፈታ ጣታቸውን አምፖል ሥር ያገላብጣሉ፤ እኔም ከአጠገባቸው ሆኜ የደም ምልክት እፈልጋለሁ።

የመጨረሻው ቀን ጎባ አብረን ሄድን። ነርሷ ብረቱን ፈታች፣ የተቃናውን ጣት ከላይም ከሥርም አየችው። ጭረት የለም። ብረቱን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ማን እንደሠራው ጠየቀች።

እማማ በአገጫቸው ጠቆሙኝ። "እሱ ነው" አሉ። "ቀራውን ሁሉ ለምላሱ አስቀርቶታል።"